መመሪያ የሚመዘነው በምድር ላይ በሚተወው ፍሬ ነው

ሰው ከተፈጥሮ ጋር ያለው ግንኙነት ከቃሉ ይልቅ በዕለት ተዕለት ተግባሩ ይገለጻል። በደን ውስጥና በሐይቅ ዳር ተጥሎ የሚገኘው ፌስታል፣ በዛፍ ግንድና በዋሻ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ስም፣ የተሰበረው አጥርና የተነቀለው ሰሌዳ የአንድን ኅብረተሰብ አኗኗር፣ የንግድ አሠራርና የአስተዳደር ብቃት በአንድነት ያሳያሉ። ስለዚህ እነዚህን ጥፋቶች ለመቀነስ የሚወጡ መመሪያዎችን መመርመር ለጽዳት ሠራተኛና ለጥበቃ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን ኃላፊነት የሚሰማው ዜጋ ሁሉ ተግባር ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሳታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 ከገባበት በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእንጦጦ፣ በወንጪና በጎርጎራ አዳዲስ የመዝናኛና የጉብኝት ሥፍራዎች ተከፍተዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም. ለአንድ ጊዜ አገልግሎት ብቻ የሚውሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክለውን አዋጅ አጽድቋል። በሮቹ ሲከፈቱ ሰው ይገባል፤ ሰው ሲገባ መመሪያ ይወጣል፤ ሰሌዳም ይተከላል። እንግዲህ በሰሌዳው ላይ ምን ይጻፍ? የሚጻፈውስ ለማን ነው? ከጽሑፉ በስተጀርባስ ምን ዓይነት አሠራር ይቁም? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሥፍራዎቹ ከመጎዳታቸው በፊት መልስ ካልተገኘ በኋላ የሚገኘው መልስ የፀፀት መልስ ይሆናል።

በዚህ መስክ የተንሰራፋው አስተሳሰብ «ችግሩ የግንዛቤ እጥረት ነው» የሚለው ነው። ቆሻሻ በበዛበት ሁሉ ይኸው ምርመራ ይቀርባል፤ መድኃኒቱም ዘወትር አንድ ነው፦ ግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ፣ በራሪ ወረቀት፣ መፈክር የተጻፈበት ሸራና በዓመት አንድ ቀን የሚካሄድ የጽዳት ዘመቻ። ይህ አስተሳሰብ ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን የእውነቱ አንድ ክፋይ ብቻ ነው። ክፋዩ እንደ ሙሉ እውነት ሲወሰድ ሦስት ስሕተቶችን ያስከትላል። አጥፊውን ሁሉ በአንድ ዓይነት መልክ ያያል፤ የቃሉን ይዘት ሳይመረምር ቃል በመናገሩ ብቻ ሥራ የተሠራ ይመስለዋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቆሻሻውን የሚያመርተውንና ቆሻሻው የሚያርፍበትን ቦታ ያላዘጋጀውን ወገን ከተጠያቂነት ነፃ አድርጎ ሸክሙን ሁሉ በጎብኚው ትከሻ ላይ ይጥላል። እነዚህን ስሕተቶች በየተራ እንመልከታቸው።

አጥፊ ሁሉ አንድ አይደለም

ሄንዲ፣ ስታንኪና ሉካስ የተባሉ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ስለ ዱር ሥፍራዎች አስተዳደር አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ተፈጥሮን የሚጎዱ የጎብኚ ድርጊቶችን በአምስት ከፍለዋቸዋል። የመጀመሪያው ሕግን አውቆ መጣስ ነው፤ ለምሳሌ ሰሌዳ የሚነቅል ወይም በዓለት ላይ ቀለም የሚረጭ ሰው ከዚህ ይመደባል። ሁለተኛው ቸልተኝነት ነው፤ የሲጋራውን ቁራጭ ሳያስብ የሚጥል ሰው ጥፋት ከዚህ ይቆጠራል። ሦስተኛው የችሎታ ጉድለት ነው፤ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ መምረጥ ወይም የምድጃ እሳትን በሚገባ ማጥፋት ያልተማረ ሰው ሳይፈልግ ይጎዳል። አራተኛው አለማወቅ ነው፤ የብርቱካን ልጣጭ «ይበሰብሳልና አይጎዳም» ብሎ የሚወረውር ሰው ጥሩ ምሳሌ ነው። አምስተኛው ሊቀር የማይችለው ጉዳት ነው፤ ሰው እግር እስካለው ድረስ ሣር መረገጡ አይቀርም።

ይህ ክፍፍል ለመመሪያ አውጪዎች ትልቅ ትምህርት አለው። ቸልተኛው በማሳሰቢያ ይነቃል፤ ችሎታ የጎደለው በማሳየት ይማራል፤ ያላወቀው በማብራሪያ ይገባዋል። ሕግን አውቆ የሚጥሰው ግን ምንም ያህል ሰሌዳ ቢተከልለት ሰሌዳውን ራሱን ከመንቀል አይመለስም፤ እሱን የሚገታው የጥበቃ ዓይንና በትክክል የሚፈጸም ሕግ ነው። ሊቀር የማይችለውንም ጉዳት ምክር አያስቀረውም፤ የሚቀንሰው በሚገባ የተሠራ የእግር መንገድና በልክ የተወሰነ የሰው ቁጥር ነው። እንግዲህ «የግንዛቤ እጥረት» የሚለው ምርመራ ከአምስቱ ሦስቱን ቢነካ ነው እንጂ ሁሉንም አያዳርስም።

የተማረ ሰው አያጠፋም የሚለውን እምነት የሚያፈርስ አንድ ድርጊት እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 በአሜሪካ በዩታ ክፍለ ግዛት በጎብሊን ሸለቆ ፓርክ ነፋስና ውሃ በረዥም ዘመን የቀረጹትን ቋሚ ዓለት ገፍተው የጣሉት፣ ድርጊቱንም እየሣቁ በፊልም የቀረጹት ሰዎች ማንበብና መጻፍ ያልቻሉ ወይም ስለ ተፈጥሮ ያልሰሙ አልነበሩም። ወጣቶችን የተፈጥሮ አያያዝ የሚያስተምር የስካውት ድርጅት መሪዎች ነበሩ። ዓለቱ በሰው ላይ እንዳይወድቅ ሠግተን ነው የሚል ምክንያት ሰጡ፤ ፍርድ ቤትም ቀረቡ፤ ከድርጅታቸውም ተወገዱ። የወደቀው ዓለት ግን በፍርድ አይነሣም። ከዚህ የምንረዳው ዕውቀት መኖሩ ብቻ ጥፋትን እንደማያስቀርና ከዕውቀቱ ጋር ቁጥጥር አብሮ መቆም እንዳለበት ነው።

የቃሉ ይዘትና ያልታሰበ ውጤቱ

ሁለተኛው ስሕተት ማንኛውም ማሳሰቢያ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም ብሎ ማሰብ ነው። ማሳሰቢያ ሊጎዳ እንደሚችል ግን በተግባር ተፈትኖ ታይቷል።

በአሜሪካ በአሪዞና ክፍለ ግዛት ከ200 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ ያላቸው፣ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ግንዶች የሚገኙበት ብሔራዊ ፓርክ አለ። ጎብኚዎች የድንጋዩን ቁርጥራጭ በኪሳቸው ይዘው መሄዳቸው የቆየ ችግር ነበር። ቻልዲኒ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅና ባልደረቦቹ ምልክት የተደረገባቸውን ቁርጥራጮች በእግር መንገዶቹ ላይ አኑረው ልዩ ልዩ ሰሌዳዎችን እያፈራረቁ ተከሉ። አንደኛው ሰሌዳ ከዚህ ቀደም ብዙ ጎብኚዎች ድንጋዩን በመውሰዳቸው የፓርኩ ተፈጥሯዊ ገጽታ መለወጡን የሚናገር ነበር። ሌላው ደግሞ ስለ ሌሎች ጎብኚዎች ምንም ሳይናገር የፓርኩ ተፈጥሯዊ ገጽታ እንዲጠበቅ እባክዎ ድንጋዩን አይውሰዱ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናታቸው እንደተመለከተው የብዙዎችን ጥፋት የሚናገረው ሰሌዳ በተተከለበት ጊዜ ምልክት ከተደረገባቸው ቁርጥራጮች 7.92 በመቶ ተሰረቁ፤ «አይውሰዱ» የሚለው በተተከለበት ጊዜ ግን የተሰረቀው 1.67 በመቶ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። «ብዙ ሰው ያጠፋል» የሚለው ቃል ለተናጋሪው እሮሮ ነው፤ ለሰሚው ግን ዜና ነው። ሰሚው የሚይዘው ዜና ደግሞ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል የሚለውን ነው። ሰው በጠባዩ ብዙኃኑ የሚሄዱበትን መንገድ የሚከተል ነውና እሮሮው ፈቃድ ሆኖ ያርፋል። አንድ ጥናት ለሁሉም ሥፍራ ሕግ ይሆናል ባንልም ማስጠንቀቂያነቱ ግን ሊታለፍ አይገባም። በየመንገዱ «ሕዝባችን ቆሻሻ የመጣል መጥፎ ልማድ አለበት» እያልን ስንጮኽ ልማዱን እየነቀልን ይሁን እያጠጣን ልንጠይቅ ይገባናል።

ሰው የሚያነበው ደግሞ ሰሌዳውን ብቻ አይደለም። መሬቱንም ያነባል። ይኸው ሊቅ ሬኖና ካልግሬን ከተባሉ ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት በመኪና ማቆሚያ ቦታ በየመኪናው መስታወት ላይ ወረቀት እያስቀመጡ ባለመኪናው ምን እንደሚያደርገው ተመለከቱ። ቦታው ንጹሕ በሆነ ጊዜ ወረቀቱን መሬት የጣሉት 14 በመቶ ነበሩ፤ አስቀድሞ የቆሸሸ በሆነ ጊዜ 32 በመቶ ጣሉ። በቆሸሸው ቦታ ላይ ሌላ ሰው ፊት ለፊታቸው ሲጥል ሲያዩ ደግሞ 54 በመቶ የሚሆኑት ጣሉ። በንጹሑ ቦታ ላይ አንድ ሰው ሲጥል ያዩት ግን ከሁሉም ያነሱ ነበሩ፤ 6 በመቶ ብቻ። በንጹሕ ቦታ ላይ የሚታይ ነውር ለብቻው ጎልቶ ስለሚወጣ ተመልካቹን ይመልሰዋል፤ በቆሻሻ መካከል የሚደረገው ነውር ግን ከቆሻሻው ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ንጹሕ መሬት ራሱ ከሁሉ የሚበልጥ ማሳሰቢያ ነው። ቆሻሻ በከበበው የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ የቆመ «አካባቢዎን በንጽሕና ይጠብቁ» የሚል ሰሌዳ ግን በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰሌዳ ነው።

መመሪያውን የሚያወጣው ማን ነው? የሚከሰሰውስ?

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉም የጠለቀ ነው። መመሪያ ሁሉ ተናጋሪ አለው፤ ተናጋሪውም ጥቅም አለው። አንድን መመሪያ ስንመዝን ምን እንደተባለ ብቻ ሳይሆን ምን ሳይባል እንደቀረም ማየት ይኖርብናል።

እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ የቬርሞንት ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ተመላሽ በማይሆን ጠርሙስ ቢራ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉን የጠየቁት ገበሬዎች ነበሩ፤ ከመኪና የሚወረወረው ጠርሙስ በሣሩ መካከል እየተሰበረ ላሞቻቸውን ይጎዳ ነበርና። በዚያው ዓመት የጣሳና የጠርሙስ አምራቾችን ጨምሮ ትልልቅ ኩባንያዎች «አሜሪካን ውብ አድርገን እንጠብቅ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ቆሻሻን መከላከል የግለሰቡ ግዴታ መሆኑን እየደጋገመ ሰበከ። የቬርሞንት ሕግ በ1957 ጊዜው አልፎ ቀረ። በ1971 ደግሞ ይኸው ድርጅት የነባር አሜሪካዊ ልብስ የለበሰ ሰው ከመኪና የተወረወረ ቆሻሻ እግሩ ሥር ሲወድቅ እንባ የሚያፈስበትን ዝነኛ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አቀረበ። መልእክቱም ብክለትን የሚጀምሩት ሰዎች ናቸው፤ ሊያስቆሙትም የሚችሉት እነሱ ናቸው የሚል ነበር። ማስታወቂያው ሰውን አስለቅሷል። ነገር ግን ጣሳውንና ጠርሙሱን በገፍ ስለሚያመርተው፣ እንደማይመለስ አድርጎም ስለሚሸጠው ወገን አንድም ቃል አልተነፈሰም። የማስታወቂያው ባለመብትነት እ.ኤ.አ. በ2023 ለነባር አሜሪካውያን ብሔራዊ ጉባኤ ተላልፎ ከአገልግሎት እንዲወጣ ተደርጓል።

በዚያው በ1971 የኦሬጎን ክፍለ ግዛት በሌላ መንገድ ሄደች። ማንንም አላስለቀሰችም፤ በእያንዳንዱ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስና ጣሳ ላይ ባዶው ሲመለስ የሚመለስ የ5 ሣንቲም መያዣ በሕግ ጣለች። የመጠጥና የማሸጊያ ኩባንያዎች ይህን ዓይነቱን ሕግ አጥብቀው ተቃወሙት። ውጤቱ ግን በመንገድ ዳር ተቆጠረ። ከሕጉ በፊት ከመንገድ ዳር ቆሻሻ 40 በመቶ ያህሉ የመጠጥ ማሸጊያ የነበረ ሲሆን በ1973 ወደ 11 በመቶ ገደማ፣ በ1979 ደግሞ ወደ 6 በመቶ ወርዷል። የአገሬው ሰው ጠባይ በሁለት ዓመት ውስጥ በተአምር አልተለወጠም። የተለወጠው ጠርሙሱ ነው፤ ትናንት ዋጋ ያልነበረው ዛሬ ዋጋ አገኘ፤ አንዱ ቢጥለው ሌላው የሚያነሳው ሆነ።

ይህን ስንል ግለሰቡ ከኃላፊነት ነፃ ነው ማለታችን አይደለም። የያዘውን ቆሻሻ ይዞ መመለስ የእያንዳንዱ ጎብኚ ግዴታ ነው። እኛ የምንቃወመው ለሁለትና ለሦስት የሚከፈለውን ኃላፊነት በአንዱ ላይ ብቻ የሚጭነውን መመሪያ ነው። አምራቹ፣ ነጋዴውና የሥፍራው አስተዳደር ያልተጠቀሱበት መመሪያ ሚዛኑ አንድ ወገን ያጋደለ ነው።

ቃልና አሠራር

ቃል አሠራር ሲለየው ምን እንደሚሆን ማስረጃው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በርጄስ፣ ክላርክና ሄንዲ የተባሉ ተመራማሪዎች የሕፃናት ፊልም በሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶች ልዩ ልዩ ዘዴዎችን ፈተኑ። ምንም ሳይደረግ በአግባቡ የሚወገደው ቆሻሻ ከመቶ 20 እንኳ አይሞላም ነበር። ስለ ንጽሕና የሚያስተምር ፊልም ማሳየትና የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ቁጥር መጨመር ይህን ያህል ለውጥ አላመጡም። ለእያንዳንዱ ልጅ ከረጢት ሰጥቶ ምን እንደሚያደርግበት መንገር ግማሹን ያህል አስገኘ። ከረጢቱን ሞልቶ ለሚመልስ ልጅ ትንሽ ሽልማት ሲሰጥ ግን ከመቶ 90 የሚበልጠው ቆሻሻ ተሰበሰበ።

ከዚህ የበለጠውን ፈተና ታሪክ ራሱ አዘጋጅቶታል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 መጨረሻ እስከ ጥር 2019 ድረስ ለ35 ቀናት የአሜሪካ መንግሥት ሥራ በበጀት ክርክር በከፊል ቆመ። ብዙ ብሔራዊ ፓርኮች ሠራተኞቻቸው ወደ ቤት ተልከው በሮቻቸው ክፍት ሆነው ቀሩ። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የጆሹዋ ዛፍ ብሔራዊ ፓርክ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ሞልተው ፈሰሱ፤ መኪናዎች ከመንገድ ወጥተው በበረሃው ላይ አዲስ መንገድ አበጁ፤ ፓርኩ ስሙን ያገኘባቸው ዛፎች ሳይቀሩ ተቆረጡ። ልብ እንበል፤ ሰሌዳዎቹ አልተነቀሉም ነበር። የተጻፈው መመሪያ አንድ ፊደል አልተለወጠም። የጎደሉት ቆሻሻውን የሚያነሱ እጆችና መንገዱን የሚጠብቁ ዓይኖች ናቸው። ቀድሞ ለመመሪያው ተቆጥሮለት የነበረው ፍሬ ምን ያህሉ የሠራተኛው ፍሬ እንደነበረ ያ ወር አሳየ።

ነገር ግን አሠራርም ቢሆን ሳይመዘን መታመን የለበትም። ኔፓል እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የኤቨረስት ተራራ ወጪ ቡድኖች 4 ሺህ ዶላር እንዲያስይዙና እያንዳንዱ ወጪ ቢያንስ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ ደነገገች። መያዣው መልካም ነበር። ዳሩ ግን ኪሎው ከየት እንደተነሣ ካልተጠየቀ በቅርብ ካምፕ ተሰብስቦ የሚሞላ ሆነ፤ ከፍ ባሉት ካምፖች ያለው ቆሻሻ እዚያው ቀረ። ደንቡ የጠየቀው ክብደት ነበር፤ የተሰጠውም ክብደት ሆነ፤ የተፈለገው ግን የተራራው ንጽሕና ነበር።

የእኛ ተጨባጭ ሁኔታ

ከላይ የዘረዘርናቸው የሌላ አገር ታሪኮች ናቸው፤ ያ የሀብታም አገር ነገር ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እስቲ ወደ ራሳችን ደጅ እንመለስ።

የጠርሙስ መያዣ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለስላሳ ወይም ቢራ በጠርሙስ የሚገዛ ሰው ባዶ ጠርሙስ ካላመጣ መያዣ ያስይዛል። በዚህም ምክንያት በየሜዳው ተጥሎ የሚገኝ የቢራ ጠርሙስ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በከተማ ደግሞ ቆራሌው አለ፤ በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለውን የውሃ ፕላስቲክ ሳይቀር ይገዛል። ፌስታልን ግን የሚገዛው የለም። እንግዲህ በከተማ ሜዳ ጠርሙሱ ተነሥቶ ፌስታሉ የሚቀረው ሕዝቡ ስለ ጠርሙስ ግንዛቤ ኖሮት ስለ ፌስታል ግንዛቤ ስላጣ ነውን? አይደለም። አንዱ ዋጋ አለው፤ ሌላው የለውም። በተራራ ላይ ደግሞ ቆራሌው ስለማይደርስ ሃይላንዱም እንደ ፌስታሉ ዋጋ ያጣል፤ ባለበትም ይቀራል።

ስለ ፌስታል የወጣውን ሕግ ታሪክ መመልከትም ይጠቅማል። የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በተወሰነ ደረጃ የሳሱ፣ በተፈጥሮ የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶች እንዲመረቱና እንዲገቡ ፈቃድ መስጠትን ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስስ ፌስታል ከገበያ አልጠፋም፤ ከብት ውጦት እንደሚሞት አርቢው ያውቃል፤ ቦይ እንደሚደፍን የከተማው ነዋሪ ያውቃል። ዕውቀቱም ሕጉም ነበሩ፤ የጎደለው አፈጻጸም ነው። የ2017ቱ አዋጅ ከዚህ ትምህርት ካልወሰደ፣ ቁጥጥሩም በፋብሪካውና በአስመጪው በር ላይ ሳይሆን ሽንኩርት በምትሸጥ እናት መደብ ላይ ብቻ ከበረታ የቀድሞው ታሪክ ይደገማል።

በአንፃሩ ደግሞ ያለ ሰሌዳ ተጠብቆ የኖረ ሀብት አለን። በጎንደርና በጎጃም በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሲሆን ደን ሆነው የቀሩ ሥፍራዎች አሉ። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ የኦዳ ዛፍ ተከብሮ ኖሯል። እነዚህን የጠበቃቸው ስለ አጥፊዎች ብዛት የሚያለቅስ ቃል አይደለም። ሥፍራው የተከበረ መሆኑን በአጭሩ የሚናገር፣ ማኅበረሰቡም ሁሉ በዓይኑ የሚያጸናው ሥርዓት ነው። ይህም ቢሆን ብቻውን ሁሉን አይችልም፤ የማረሻና የማገዶ ግፊት የደኖቹን ጠርዝ ሲበላ ታይቷል። ሆኖም መመሪያ ጸሐፊዎች ከሩቅ ከመቅዳታቸው በፊት ሕዝቡ ራሱ ምን ብሎ እንደሚጠብቅ ቢጠይቁ ብዙ ያተርፋሉ።

አንድ ልዩነትም ሊዘነጋ አይገባም። በፓርክ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ የሚለቅመው ማገዶና የሚያሰማራው ከብት የኑሮ ጥያቄ ነው፤ ከከተማ መጥቶ በልቶና ጠጥቶ ፕላስቲኩን ትቶ የሚሄደው ሰው ጉዳይ ግን የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነው። ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ «አጥፊዎች» ብሎ መጥራት ፍትሕ አይደለም፤ የአካባቢውንም ነዋሪ ከጠባቂነት ወደ ተከሳሽነት ይገፋዋል።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አሠራርም አለ። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ ጎብኚ ደባርቅ ላይ ይመዘገባል፤ የእግር ጉዞውንም ከስካውት ጋር ያደርጋል። በዚያ በር ላይ ጎብኚው ይዞት የሚገባው ፕላስቲክ ተቆጥሮ መያዣ ቢያስይዝ፣ ሲመለስም ቆጥሮ መያዣውን ቢቀበል፣ የኔፓሉ ስሕተት እንዳይደገምም የራሱን የገባውን ዕቃ እንዲያወጣ ቢጠየቅ፣ የስካውቱም የጥቂት ደቂቃ የቃል ማብራሪያ በጎብኚው ቋንቋ ቢታከልበት ከብዙ ሰሌዳ የበለጠ ይሠራል ብለን እናምናለን። ይህም ቢሆን ተፈትኖና ተቆጥሮ ይታይ እንጂ በእኛ ቃል ብቻ አይታመን።

መመዘኛዎቹ

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት ማንኛውም መመሪያ በሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች እንዲመዘን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ መመሪያው የሚናገረው ለየትኛው አጥፊ ነው? ላላወቀው፣ ለቸልተኛው ወይስ አውቆ ለሚጥሰው? ለሁሉም በአንድ ቃል የሚናገር ለማንም አይደርስም።

ሁለተኛ፤ ቃሉ መልካሙን ሥራ የብዙኃኑ አድርጎ ያሳያል ወይስ ጥፋቱን? በሚጎበኘው ሰውና በአካባቢው ነዋሪ ቋንቋስ ተጽፏልን?

ሦስተኛ፤ «አይጣል» ባለበት ቦታ የት እንደሚወሰድ ተናግሯልን? የተናገረውስ ቦታ በእርግጥ አለን? በሳምንት ስንት ጊዜስ ይነሣል?

አራተኛ፤ አምራቹ፣ ነጋዴውና አስተዳደሩ የድርሻቸውን ተሰጥተዋልን? ወይስ ሸክሙ ሁሉ በጎብኚው ላይ ብቻ ነው?

አምስተኛ፤ ማን ይቆጥራል? የአንድ መመሪያ ፍሬ የሚታወቀው በተመረጠ የመንገድ ርዝመት ላይ ያለው ቆሻሻና አዲስ የተቀረጸ ስም ከመመሪያው በፊትና በኋላ ሲቆጠር፣ ቁጥሩም ለገባው ሰው ብዛት ሲካፈል፣ መመሪያው ካልተተከለበት ተመሳሳይ መንገድ ጋርም ሲነጻጸር ነው። የተሰበሰበ ቶን፣ የተሳታፊ ብዛትና የተነሣ ፎቶግራፍ የዘመቻውን ትልቅነት ይናገሩ ይሆናል እንጂ የሥፍራውን ንጽሕና አይናገሩም። ቆጣሪው መሄድ ያለበት በዘመቻው ዕለት ሳይሆን ከዘመቻው አንድ ወር በኋላ ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች የሚሸሽ መመሪያ ለሪፖርት የተጻፈ እንጂ ለተራራው የተጻፈ አይደለም። ሕዝቡን ስለ ጥፋቱ መውቀስ ቀላል ነው፤ ወጪም የለውም። ጥፋቱን አስቸጋሪ፣ መልካሙን ቀላል የሚያደርግ አሠራር መዘርጋት ግን ሥራ ይጠይቃል፤ ሠራተኛ፣ በጀት፣ የሚፈጸም ሕግና በታማኝነት የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል። አዳዲሶቹ ሥፍራዎች ገና ንጹሕ ናቸው፤ ንጹሕ መሬትም ከሁሉ የሚበልጥ አስተማሪ መሆኑን አይተናል። ይህ ዕድል ሳያመልጥ ኃላፊነት ያለባቸው ሁሉ ሰሌዳቸውን ከመትከላቸው በፊት ከሰሌዳው በስተጀርባ የሚቆመውን አሠራር ሊተክሉ ይገባል።